ቢጫው ምሰሶ

“የኔ አያት ይኼን አቀበት ዓይኑን በፎጣ ጠፍረህ ብትለቀውም ይወጣዋል!” አለች አኑክ፣ ሰማያዊዋ ፔጆ አፍንጫ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። “አንተ ግን ዓይንህ እያየ ነው ዓምና የማዳም ሮሽን ጎመን ውስጥ የገባኸው።”

ሰልፉ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ባስቲያን ከቀይ መኪናው ሥር አንገቱን ብቅ አደረገ። እጁ እስከ ክርኑ ቅባት ነው።

“አፍሽ ሞተር ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና ዓርብ ያልቅ ነበር” አላት። “ደግሞ እዚህ የሚያሸንፈው ፍጥነት አይደለም። ረሳሽው እንዴ?”

“ለዚህ እኮ ነው የምናሸንፈው፣ የኔ ቆንጆ!”

ባስቲያን እውነቱን ነው። ቫልፍሯድ መንደር ላይ አሮጌ መኪኖች አቀበቱን የሚወጡት ለመቀዳደም አይደለም። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ይወጣሉ፤ የሁለቱ ጉዞ ሰዓት ከሁሉም ይበልጥ የተቀራረበለት ሰው ዋንጫውንና ድፎ ዳቦ የሚያህል ሙሉ አይብ ተሸክሞ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ሰዓት ማየት ክልክል ነው። እናም ሁሉም የየራሱ ዘዴ አለው፤ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጸልያል። የአኑክ አያት የሌዎንስ ዘዴ ዜማ ነው። መነሻው ላይ አንድ የድሮ የአኮርዲዮን ዜማ በአፍንጫው ማንጎራጎር ይጀምርና ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይዘጋዋል። መንገዱን ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቶበታል። ጉም ከመሬት ሲጣበቅ፣ በረዶ ሰማዩንና መንገዱን አንድ ሲያደርግ፣ ሌዎንስ ግን ዳቦ ሊገዛ እንደሚሄድ ሰው እያንጎራጎረ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ የአኑክ ጉራ ባዶ ጉራ አልነበረም። ችግሩ እውነት መሆኑ ነው።

በጸደይ መግቢያ ላይ ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እሷ ናት፤ በአውቶቡስ። ሐኪሟ የዕይታው መሃል ላይ ያረፈው ጥላ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ እንደማይሄድ ነገረችውና፣ “ሙስዬ ሌዎንስ፣ ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡ” አለችው። ሌዎንስ “እሺ ዶክተር” ብሎ ቆቡን ከፍ አደረገ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ ግን የአኑክን ጉልበት መታ መታ አድርጎ፣ “ዳርዳሩን እኮ ደህና አያለሁ። መሃሉን አንቺ ታይልኛለሽ” አላት።

አኑክ ያን ዕለት ቁመቷ የጨመረ መሰላት። ትምህርት ቤት “ምላሷ ካልሆነ ሌላ ነገሯ አይሠራም” የተባለላት ልጅ፣ ለሰው ዓይን ሆነች! ለእናቷ ለናዴዥ ትንፍሽ አላለችም። ናዴዥ በሥራ ቀን የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ነገሩን ብትሰማ የፔጆዋን ጎማ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ታስተነፍሰው ነበር። አያትና ልጅ ግን እናት ሥራ ስትሄድ ጠብቀው፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሌዎንስ የሾርባ ሳህን እንደ መሪ ይጨብጣል። አኑክ መንገዱን ትጠራለታለች፦ “የመቃብሩ አጥር፣ ቀኝ! ድልድዩ፣ ቀጥ! ጥዱ፣ ፍሬን፣ ግራ!” ሳህኑ ይዞራል፤ ዜማው አይቋረጥም። የጸደዩን ወራት እንዲህ አሳለፉት።

ተራቸው ደረሰ። አኑክ የራስ ቁሯን አጥልቃ ገባች። የመነሻው አለቃ ኦዴት ናት፤ ድሮ የመንደሩን ደብዳቤ ታድል ነበር፣ ዛሬም ሰው ሁሉ ደብዳቤ የደበቀባት ይመስል ግንባሯን ቋጥራ ነው የምታየው። አንገቷን በመስኮቱ አስገብታ የመቀመጫ ቀበቷቸውን ሳብ ሳብ አደረገች።

“ሌዎንስ፣ ዘንድሮም አለህ?”

“አንቺ እያለሽ እኔ የት እሄዳለሁ?”

“ልጅቷን ደህና አድርገህ መልስ፤ ምላሷ ለመንደሩ መብራት ይሠራል።”

“እኔን ነው ወይስ እሱን ነው የምትሸኚው?” አለች አኑክ።

ኦዴት አምስት ጣቷን ዘረጋች። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲታጠፉ አኑክ ጮክ ብላ ጠራቻቸው፤ ሌዎንስ ጣት የሚባል ነገር አልታየውም። ፔጆዋ አጓርታ ተነሳች፤ ዜማውም ተጀመረ።

የመቃብሩን አጥር እንደ ቅቤ አለፉት። ድልድዩን ቀጥ ብለው። በሁለቱም በኩል ታጣፊ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች፣ ውሻ፣ ጃንጥላ፣ የጋሪ ሕፃን፣ ሁሉም እንደ ጥለት ሽው አለ። አኑክ ዓይኗን ወደፊት ወርውራ ጥዱን ፈለገች። ጥዱ የልብስ ማጠቢያው ኩርባ ምልክታቸው ነው፤ ከድሮው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ፊት ለፊት መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ እዚያ ጭድ ታስሮ ተደርድሯል፤ ከጭዱ ጎንም ናዴዥ የውድድሩ መንገድ ጠባቂ ሆና፣ ቢጫ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ባንዲራና ሬዲዮ ይዛ ቆማለች።

ጥዱ የለም።

የለማ! ተመልካች ይጋርዳል ተብሎ ሐሙስ ተቆርጧል። አኑክ ጉቶውን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዓይኗ አይታዋለች። አፏ ግን የለመደው ጥዱን እንጂ ጉቶውን አይደለም፤ ማዕድ ቤት ውስጥ ጥዱ እስካሁን ቆሟል። ዛፉን እየጠበቀች ዝም አለች። ሌዎንስም እሷን እየጠበቀ ነዳጁን ረገጠ።

“ፍሬን! ግራ! ግራ!” ብላ ስትጮህ ጭዱ የመኪናዋን መስታወት ሊሞላው ደርሷል። የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፤ ጎኗ አንዱን እስር ጭድ መትቶ ገለበጠው፤ የሆነ ቢጫ ነገር ከፊታቸው ተነቀለና ከዕይታ ጠፋ። ፔጆዋ ጭራዋን ወዘወዘች፣ ተስተካከለች፣ ሽቅብ ቀጠለች። ዜማው አልተቋረጠም። ሌዎንስ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲያገኝ ብቻ ጠየቀ።

“ያንን ቢጫ ምሰሶ ማን ነው የተከለው? ዓምና አልነበረም።”

አኑክ ወደኋላ ዞረች። ከማጠቢያው ግንብ ላይ አንድ ቢጫ ሰደርያ ተጋድሞ፣ ቀስ ብሎ ቀና ሲል አየች። እጅ ተነሳ። ከዚያ ኩርባው ሸፈነው።

ምሰሶው እናቷ ነበረች።

ጫፍ ላይ ያለው መስክ መኪና ሞልቶታል። የወጡት ሁሉ እዚያ ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻው ሲደርስ ነው አንድ ላይ የሚወርዱት። ሰዎች ሌዎንስን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። “ያ ማጠቢያው ጋ ያደረግኸው ነገር፣ ጎበዝ፣ እንደ ጎረምሳ!” ሌዎንስ ቆቡን እያነሳ ሳቀ። አኑክ ጆሮዋ የተተከለው ባለ ሬዲዮው ሰውዬ ላይ ነው። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ አውቶቡስ ውስጥ “ቁጭ በሉ” ስትል የምትናገርበት ያ እርጋታ፦ “ማጠቢያው ኩርባ። አንድ ጭድ ተገፍቶ ነበር፣ መልሰነዋል። መንገዱ ነጻ ነው።”

ይኼው ነው። ሌላ ቃል የለም። ናዴዥም ሸፈነችው ማለት ነው።

“አባባ” አለች አኑክ፣ የእጅጌውን ጫፍ ይዛ ከሰው ነጥላ፣ “ከሰዓት ባንወጣስ?”

“ምነው? አመመሽ?”

“አይቡን ለባስቲያን ብንተውለት ብዬ ነው። አፉን ቢይዝለት።”

ሌዎንስ አልሳቀም። ፊቱን ወደ እሷ ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎኗ አዞረ፤ እንደዚያ ሲያደርግ ነው የሚያያት።

“ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። የመጨረሻዬ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። አንዴ ብቻ፣ እንደ ሰው፣ ሲያጨበጭቡ ልውጣ። ማታ ቁልፉን በገዛ እጄ ለእናትሽ እሰጣታለሁ።”

“ግን ምሰሶው…”

“ምሰሶውንማ አሁን አወቅነው! ትንሽ ቀደም ብለሽ ጥሪልኝ፣ በስተግራ አልፈዋለሁ።”

“ምሰሶው እኮ ልጅህ ናት” ማለት አራት ቃል ነው። ያቺ ለቄስም ለዳኛም ምላሽ የማታጣ ልጅ ግን አራቱን ትታ “እሺ” አለች።

ወደ ታች ሲወርዱ መብራታቸውን አብርተው፣ በእግረኛ ፍጥነት እየተከታተሉ ነበር። ይኼ ለሌዎንስ ከዋንጫው ይበልጣል። ተመልካቹ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭባል፤ በየኩርባው የቆሙት ባለ ባንዲራዎች ባንዲራቸውን ሁሉ አንስተው ያውለበልባሉ። ሌዎንስ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ለሁሉም እጁን አወዛወዘ፤ ለሰውም፣ ለዛፍም። ማጠቢያው ኩርባ ላይ ናዴዥ ባንዲራዋን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ቆማለች። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፤ ፀጉሯ ውስጥ ጭድ አለ። አኑክን አየቻት። አኑክ አቀርቅራ የቀበቶዋን ቁልፍ ማስተካከል ያዘች። ሌዎንስ ለእናቷም እጁን አወዛውዞ አለፈ፤ ለማን እንዳወዛወዘ ሳያውቅ።

ምሳ ላይ ሌዎንስ ዳቦና ቋሊማውን ከነጥብስ ድንቹ ጥርግ አድርጎ በላ። አኑክ የሷን ለባስቲያን ውሻ ሰጠችው። ባስቲያን፣ “ዓለም ሊያልቅ ነው፣ አኑክ ዝም አለች!” ብሎ ጮኸ። “ውሻህ ካንተ ይሻላል፣ ሲበላ አያወራም” አለችው፤ ግን ነገሩ ጣዕም አጣባት።

ድምፅ ማጉያው የሌዎንስን ስም ጠራ። ኦዴት እንደገና አንገቷን በመስኮቱ አስገብታ ቀበቶ ሳበች።

“ልጅት፣ ፊትሽ አይብ መስሏል። አሸንፋችሁ ሳትበሉት?”

“ፀሐይ ነው” አለች አኑክ።

ሌዎንስ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ አበራ፤ እንዲህ ሲሆን የሃምሳ ዓመት ሰው ይመስላል። ኦዴት ወጥታ እጇን ዘረጋች።

“አምስት” አለች አኑክ። አያቷ ጉሮሮውን ጠረገ። “አራት።” ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ በአፍንጫው የዜማውን መግቢያ ጀመረ። የኦዴት ሌላ ጣት ታጠፈ። አኑክ “ሦስት” ማለት ነበረባት።

አላለችም። እጇን ወደ መሪው ሥር ሰደደች፤ ቁልፉን አዞረችና ነቀለችው።

ፔጆዋ ሳል ይዞት እንደተገላገለ ሰው ዝም አለች። ዜማው ግን ሞተር አልባ ጥቂት ሄዶ ነው መሃል መንገድ ላይ የቆመው።

“ምን ሆነች?” አለ ሌዎንስ። “ጠፋች?”

“አባባ” አለች አኑክ፣ “ምሰሶው እማዬ ነበረች።”

ኦዴት ሁለት ጣቷን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ሌዎንስ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ለመፍታት ብዙ ደከመ። ሲያወልቀው ነጭ ፀጉሩ በላብ ተጣብቋል።

“ናዴዥ?” አለ። አንዴ ብቻ ነው ያላት፤ ኩርባው እዚያ ያለ ይመስል ወደ ባዶው መንገድ እያየ፣ ወይም ሳያይ።

ከኋላ ያለው ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ ባስቲያን መጥቶ አንዲት ቀልድ ሳይናገር ፔጆዋን ከኋላ ገፋ። ሌዎንስ ከውስጥ መሪውን ይዞ፣ ኦዴት በመስኮቱ እየመራችው፣ ወደ ዳር አወጧት።

መንገዱ ለሕዝብ ሲከፈት ናዴዥ ጥቅል ባንዲራዎቿን ተሸክማ በእግሯ ወረደች። ትንሽ ታነክሳለች። ሌዎንስ ራቅ ብሎ ከኦዴት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ያዘዙለትን ወይን አልነካውም። አኑክ ፔጆዋ አፍንጫ ላይ ወጥታ ቁልፉን በጣቷ ታሽከረክራለች። ሲሸበር የነበረው ልቧ ትንሽ መለስ ብሎላታል። ነገሩን ደጋግማ ስታስበው የሠራችው ሥራ ጀግንነት መስሎ እየታያት መጥቷል።

“በሬዲዮ ሰምተሻል አይደል?” አለቻት። “እኔ ነኝ ያስቆምኩት።”

“ሰማሁ።”

“ዋንጫው በእጃችን ነበር። ተውኩት።”

ናዴዥ ባንዲራዎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሰደርያዋን አወለቀች፤ ጭዱን አራገፈች።

“አንቺስ ለምንድነው በሬዲዮ ያልተናገርሽው?” አለች አኑክ፣ ሳትጠየቅ ልትጠይቅ።

“አባቴ ነው።”

“ምሰሶ ነው የመሰልሽው እኮ!”

“አውቃለሁ። ፊት ለፊቴ እያየኝ ነው የመጣው።”

አኑክ ወደ ለመደችው ጉራ ተመለሰች።

“ዓይኑ መድከሙን ሐኪሟ ከነገረችን ጀምሮ እያየሁለት የነበርኩት እኔ ነኝ። የዛሬውንም እኔ ነኝ ያየሁት። ለማንኛውም ሕይወትሽን አድኛለሁ፤ አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?”

ናዴዥ ቁልፉን ከጣቷ ላይ ወሰደችው፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

“እኔን ያዳነኝ እግሬ ነው” አለቻት። “ዓይኑማ አንቺ ነበርሽ።”