ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ደዋይ

«ያ ዳኛ ዓይን የለውም። ዓይን ቢኖረውም ህሊና የለውም» አለ የዕለቱ የመጀመሪያ ደዋይ። ሲጮህ ያደረ ሰው ድምፅ ነበር።

ጋዜጠኛዋ የጆሮ ማዳመጫዋን በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ «እሺ ወንድሜ፣ ሐሳብዎን ተቀብለናል። ወደ ሌላ አድማጭ እንለፍ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው የተረጋጋ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሯ አላርፍ ብሎ የወንበሩን ብረት ይመታል።

ከፊት ለፊቷ አብሯት ፕሮግራሙን የሚያቀርበው ባልደረባዋ ተቀምጧል። አድማጮች «ሳይረን» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ጎል ሲገባ በሚለቀው ጩኸት ነው፤ አንድ የታክሲ ሾፌር ከኋላው አምቡላንስ የመጣ መስሎት መንገድ ለቆ ቆሟል እየተባለ ይወራል። ሳይረን ራሱ ወሬውን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አያስተባብልም።

«ገና ማሟሟቂያ ላይ ነን» አለ ሳይረን ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ። «ስልኮቻችን ሁሉ ተይዘዋል። ስለ ሌላ ነገር ለማውራት የደወለ ሰው ካለ ዘግቶ ነገ ይደውል።»

ሌላ ነገርማ አልነበረም። ትናንት የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ቢጫ ለባሾቹ አቻ ከወጡ በሊጉ ይቆያሉ፣ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሰማያዊ ለባሾቹ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ወደቀ፤ ዋናው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ፤ ፍጹም ቅጣት ምቱ ገባ፤ ቢጫዎቹ ወረዱ። ደጋፊው ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ ድንጋይ እያነሳ ወጣ። ዳኛው ከስታዲየሙ የወጣው በፖሊስ መኪና ነበር።

ያ ዳኛ የጋዜጠኛዋ ባል ነው።

በጣቢያው ውስጥ ከጥበቃው ጀምሮ ይህን የማያውቅ የለም። አድማጮች ግን አያውቁም። ሲጋቡ ተመካክረው የወሰኑት ነገር ነበር፤ እሱ የመራውን ጨዋታ እሷ አትተነትንም፣ ትንተናውን ለሳይረን ትታ የውጭ ዜና ታነባለች። ዛሬ የውጭ ዜና የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ዋና አዘጋጁ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ «ዛሬ ራስሽን አሞሽ ብትቀሪ የሚፈርድብሽ የለም» ብሏት ነበር።

«ዛሬ ከቀረሁ ነገ ለመምጣት አፍራለሁ፣ ጋሼ» ብላው አልፋ ገባች።

ከቤት የወጣችው አዝናም ተናዳም ነው። ጎህ ሲቀድ ነቅታ ወጥ ቤት ስትገባ ባሏ የትናንቱን ካልሲ እንኳ ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ያችኑ ቅጽበት ወደ ኋላ እየመለሰ ያያል። አጥቂው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል።

«አልተኛህም እንዴ?»

«አልነካውም» አላት ቀና ሳይል።

«ማን?»

«ተከላካዩ። ኳሷን ብቻ ነው ያገኘው። ያ አጥቂ ነው እግሩን ጎትቶ የወደቀው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በስልክ ሲያዩት ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ግን...»

«ሜዳ ላይም አውቄዋለሁ» ብሎ አቋረጣት። «ፊሽካውን ከአፌ ሳላወርድ አውቄዋለሁ። ወዲያው መሻር እችል ነበር። እጄ ቀድሞኝ ወደ ነጥቡ ጠቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መመለስ አቃተኝ። ልጁ መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አልነካሁትም ጋሼ› አለኝ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጋሼ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ ካርድ መዘዝኩበት።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ምን አደርጋለሁ? ዳኛ ስለ መራው ጨዋታ ለጋዜጠኛ አፉን ከከፈተ የዳኝነት ባጁን ያስረክባል። ደንቡ ነው።» ከዚያ ለማን እንደሚያወራ ትዝ አለውና ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አንቺ አትቆጠሪም።»

በዚህ ወር ስሙ ለዓለም አቀፍ ዳኝነት ከቀረቡት መካከል ነበር። በጭቃ ሜዳ የታዳጊዎችን ጨዋታ ከማጫወት ተነሥቶ፣ አውቶቡስ እየተሳፈረ፣ የራሱን የመስመር ዳኛ ባንዲራ በፌስታል ይዞ እየዞረ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ያንን ሁሉ አብራው አይታለች። ስለዚህ «ተናገር» ሳትለው ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ማስታወቂያ ገብቶ ማይኮቹ ሲዘጉ ሳይረን የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። «እቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«አትጠይቀኝ።»

«ቤት ውስጥ ምን አለሽ?»

«ሻይ ቀዘቀዘብኝ አለኝ።»

«ቀልዱን ተይው። አገሩ ሁሉ ሊያውቀው የሚሞትለትን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ከፊትሽ ተቀምጬ ስለ አየር ጠባይ ላውራ?»

«መብራቱ ሊበራ ነው» አለችው፤ ቀዩ መብራት በራ።

ቀጣዩ ደዋይ «አናጢው» ነበር። የድሮ የቢጫዎቹ ደጋፊና የፕሮግራሙ ቤተኛ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። ዛሬ መጋዙ ዝም ብሏል።

«እኔ እንኳ ያየሁት ነገር የለም» ብሎ ጀመረ። «ሰው ነው የነገረኝ። ይሄ ዳኛ ቤት እያሠራ ነው አሉ። ግድግዳውን ያቆሙለት ሰማያዊዎቹ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጣቸው ምን ይገርማል?»

ጋዜጠኛዋ ደሟ ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። «ማስረጃ አለዎት?»

«ምን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እህቴ?»

«የሰው ስም ከጉቦ ጋር ሲያነሱ ያስፈልጋል። ‹አሉ› ማስረጃ አይደለም።»

ከሚገባው በላይ ጠንከር ብሎ ነው የወጣው። ራሷም ሰምታዋለች። ሳይረን ቅንድቡን አነሣ። አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለምን እንደተቆጣሽ ይገባኛል» አለ ዝግ ብሎ። «ባልናገረው እመርጥ ነበር። ባለፈው ወር ለጎረቤትሽ በር የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ በድምፅሽ ለየሁሽ። ከዚያ ዳኛ ጋር ጠዋት ጠዋት አብራችሁ ስትወጡ አይቻለሁ። ባልሽ አይደለም እንዴ?»

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ረጅም ነው። ቃል አጥሮት የማያውቀው ሳይረን አፉን ከፍቶ ቀረ። ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ እጁን ሙዚቃ የሚለቅበት ቁልፍ ላይ አድርጎ ፊቷን ያያል። ዋና አዘጋጁ ስኒውን እንደያዘ እየሮጠ መጣና ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳለፈ፤ ቁረጡት ማለቱ ነው።

«ነው» አለች። «ባሌ ነው።»

ቴክኒሻኑ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«እስካሁን ያልነገርኳችሁ ልደብቃችሁ ብዬ ሳይሆን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አይ፣ ደብቄያችኋለሁ። ይቅርታ። ስለ ቤቱ ግን፣ የምንኖረው ተከራይተን ነው። የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፤ እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ መጥተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።»

አናጢው አልሳቀም። «እሺ፣ ስለ ቤቱ አመንኩሽ። ፍጹም ቅጣት ምቱስ?»

«ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ተከላካዩ ያገኘው ኳሷን ነው። ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም።»

ሳይረን አሁን ድምፁን አገኘው። «እሱስ?» አለ። «እሱ ራሱ ምን ይላል?» ጥያቄው ካመለጠው በኋላ የደነገጠው እሱ ነበር።

አልጠየቅኩትም ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ዋጠችው።

«እሱ ያለኝን እዚህ አላወራም። ቤቴ ስቱዲዮ አይደለም» አለች፤ ለቴክኒሻኑም ምልክት ሰጠች። ዘፈን ገባ።

ዋና አዘጋጁ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ሻዩ እጁ ላይ ፈስሷል። «ምን ማለትሽ ነው? ወይ ከመጀመሪያው ዝም ማለት ነበር፣ ወይ ጨርሶ መናገር። አሁን እኮ ‹ብሏል፣ ግን አልነግራችሁም› ነው ያልሽው። እሱ በውሳኔው የጸና ቢሆን ኖሮ ትናገሪው ነበር። ይሄን የማይገምት አድማጭ አለ ብለሽ ነው?»

ልክ ነበር። ባሏን ልትከልል ብላ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ሸጠችው። የዳኞች ኮሚቴው ራሱ ይህን ፕሮግራም እየሰማ ይሆናል።

«ዘፈኑ ሲያልቅ ወንበሩን ልቀቂ» አለ ዋና አዘጋጁ፤ አሁን ድምፁ ወርዷል። «ለአንቺም ለእሱም ብዬ ነው። ሳይረን ብቻውን ይጨርሰዋል።»

የቴክኒሻኑ ድምፅ በግድግዳው ስፒከር ገባ። «ሦስተኛው መስመር ላይ...» ብሎ አቆመ።

«ማነው?» አለች።

«ባለቤትሽ ነው።»

እጀታውን አነሣች። ከባሏ ድምፅ በፊት የሰማችው በእነሱ ወጥ ቤት ውስጥ የሚዘፍነውን የራሷን ጣቢያ ነው።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ይቅር በለኝ። ላድንህ ብዬ...»

«አንቺ ምን አደረግሽ? አየር ላይ አስገቢኝ።»

«ባጅህን ይወስዱታል።»

«አውቃለሁ። ከወጣሽ በኋላ የዚያን ልጅ፣ የተከላካዩን፣ ሰፈር የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩልኝ። ቤቱ በር ላይ ተሰብስበው ቡድናችንን አወረድክ እያሉ ይሰድቡታል። እናቱ ደጅ ወጥታ ትለምናቸዋለች። እኔ ፖሊስ አጅቦኝ ወጣሁ። እሱን ማን አጀበው?»

አውራ ጣቷን መስመሩን ወደሚያቋርጠው ቁልፍ ወሰደች።

«መስመሩን ለእኔ ብለሽ እንዳትዘጊው» አላት።

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበረ። አንዴ ብትጫነው ይቋረጣል። መስመሩ ተበላሸ ትላለች፣ ባጁ ይተርፋል፣ ማታ ሲገናኙ ምናልባት በሆዱ ያመሰግናታል። ምናልባትም ከዚያ በኋላ ዓይኗን አያይም።

ሳይረን በጆሮ ማዳመጫው ሁሉንም ሰምቷል። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ይህ ሰው በለሆሳስ መናገር መቻሉን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። «አንቺ ውጪ። እኔ አነጋግረዋለሁ፣ በደህና ነው የምይዘው። ሚስት ሆነሽ ለስለስ ብትዪ አዳላች ይሉሻል፣ ብትጠነክሪ ወደ ቤትሽ ነው ይዘሽው የምትገቢው። ከሁለቱም ልገላግልሽ።»

ከልቡ ነበር። ዋና አዘጋጁም በሩን ከፍቶ ያዘላት። «እውነቱን ነው። ነይ፣ ውጪ።»

ጋዜጠኛዋ ኮሪደሩን አየችው። እዚያ ቆማ የባሏን ድምፅ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ በስፒከር ስትሰማ ታያት። ሳይረን ያዝንለታል፤ አይዞህ ይለዋል፣ ሰው ነህና ትሳሳታለህ ይለዋል፣ ደግነቱ ያበላሸዋል። ሰዉ ደግሞ ጓደኛማቾች ተመሳጥረው ነው ይላል። ያ ልጅም እናቱም የሚሰሙት ያንን ነው።

«አመሰግናለሁ» አለችው ሳይረንን፤ ትከሻውን ነካ አድርጋ። «ቦታህ ላይ ተቀመጥ።»

ከዚያ ወደ እጀታው ተመለሰች። «የማነጋግርህ እኔ ነኝ» አለችው። «አላዝንልህም።»

«እንዳታዝኚልኝ» አላት።

ዋና አዘጋጁ በሩን አልዘጋም። ቴክኒሻኑ ዘፈኑን ዝቅ እያደረገ ሦስት ጣቱን አሳየ፣ ሁለት፣ አንድ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ቀዩ መብራት በራ።

«ተመልሰናል» አለች። «ሦስተኛው መስመር ላይ የትናንቱን ጨዋታ የመሩት ዋና ዳኛ አሉ። ባለቤቴ መሆናቸውን አሁን ታውቃላችሁ፤ ይህንን እያሰባችሁ ስሙኝ።»

ሳይረን ቀና ብሎ አያት።

«እንደምን አደሩ?»

በመስመሩ ላይ ትንፋሽ ተሰማ። አንተ እያለችው የኖረችው ሰው አሁን እርስዎ ተባለ።

«አልተኛሁም» አለ ዳኛው።

«እንግዲያው ከዚያው እንጀምር» አለች ጋዜጠኛዋ። «ፊሽካውን ሲነፉ ምን አዩ?»