ፊትና ጀርባ የሌለው ድንጋይ

«ሃዳ ጋሮማ፣ ይሄ ድንጋይ ምን ይላል?»

ኦቦ ነገሳ በኦሮምኛ «የጋሮማ እናት» ብለው ጠርተው ይህን የጠየቁኝ በግንቦት መጨረሻ፣ ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ቆመን ነው። የሟች ባለቤቴ የሊቤ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሬዎቻቸውን ወደ ውሃ ሲነዱ ድንጋዩን አይተው ቆሙ፤ እኔም ከደጄ ሮጬ መጣሁ። «የኡርጂ ነው» አልኩ። የማን ነው ብለው አልጠየቁኝም ነበር። ትንሽ አዩኝና በሬዎቻቸውን እየነዱ ሄዱ።

የሱሉልታ ሰው ለምን እንደደነገጥኩ ሳይነገረው ይገባዋል። ለሌላው ልንገር። ሊቤና ኦቦ ነገሳ የአባታቸውን መሬት ተካፍለው አያውቁም። አንዱ ከላይ ያርሳል፣ አንዱ ከታች፤ በመካከል ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ጠባብ ሣር አለ። የሁለቱም ከብት ይግጥበታል። እኛ ዘንድ በእርሻ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ድንበር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ወንድማማቾቹ ግን «በእኛ መካከል ድንጋይ አይቆምም» ተባብለው ነበር። ሊቤ ከሞተ በኋላም ኦቦ ነገሳ የእኛን ወገን በራሳቸው በሬ ያርሱልን ነበር። የኔ ልጅ ኡርጂ ድንጋይ ያቆመችው እዚያ ሣር ላይ ነው።

ኡርጂ አዲስ አበባ ቅርጻ ቅርጽ ተምራለች። ጨርሳ ስትመለስ የሰው ራስ ወይም አንበሳ ትቀርጻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ መሮዋን ከሳጥኑ እንኳን አላወጣችም። ጃፓን አገር ተምሮ የመጣ አስተማሪ ነበራቸው። ድንጋይን ሌላ ነገር ምሰል ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም፣ አቋሙን ፈልጎ ማግኘት ይበቃል ይላቸው ነበር አሉ። እዚያ አገር መነኮሳት ጠጠርና ጥቂት ድንጋይ ብቻ ያለበት ግቢ እንዳላቸው ነገረችኝ።

«ምን ያደርጉበታል?» አልኳት።

«ቁጭ ብለው ያዩታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ያዩታል።»

የበጋውን ወራት ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ከረመች። በመጨረሻ ቁመቱ እስከ ደረቷ የሚደርስ ግራጫ ድንጋይ አገኘች። ታላቅ ወንድሟ ጋሮማ ከጓደኛው ጋር በጋሪ አመጣላት። «ከተማ ተምረሽ ተምረሽ ድንጋይ ልታስጭኚን ነው የመጣሽው?» እያለ ሲያሾፍባት፣ እሷም «ዋናው ትምህርት ሸክሙን ለወንድም መስጠት ነው» ትለው ነበር። ድንጋዩን አጠበችው። አቆመችው፣ አዞረችው፣ አስተኛችው፣ መልሳ አቆመችው። ልክ ሲመስላት ሥሩን ቀበረች። በዙሪያው ሣሩን በእጇ ነቅላ ክብ ባዶ መሬት አበጀች። በባዶው ላይ አንድ ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ አስተኛች።

«ጨረስኩ» አለችኝ።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ወንዝ ዳር ተኝቶ ሳለ ምን ጎደለው?»

«ተኝቶ ሳለ ማን አየው፣ እማዬ?»

ለምን ሣሩ ላይ እንዳደረገችው ጠየቅኳት። በአካባቢው ማንም ያልነካው መሬት ያ ብቻ ስለሆነ ነው አለች። ሰው ምንም ያላደረገበት ቦታ ነበር የፈለገችው። «ሁለት ወንድማማቾች ተስማምተው ነው እኮ ያልነኩት» አልኳት። «እሱን አይደል የምለው» አለች፣ ደስ እያላት። እኔ የምፈራውን እሷ ትወደዋለች፤ ምን ልበላት?

ያየው ሁሉ የየራሱን ተናገረ። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን የሚያቋርጡት ሯጮች ቆመው አዩት፤ አንዷ ነካ አድርጋው ሮጠች። ጎረቤቴ ድንቅቱ «ጠንቋይ ነው ያዘዛት?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን መኪና ቆመና ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ የሚሸጠው እስከ ድንጋዩ ድረስ ነው?» አለኝ። የምወረውርበት ነገር ፈለግሁ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጣለ። ኦቦ ነገሳ የራሳቸውን ወገን አርሰው እስከ ሣሩ ደረሱ። እዚያ በሬዎቹን መለሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱም እንዲሁ። ከሣሩ ወዲያ ጥቁር፣ ከሣሩ ወዲህ ያልታረሰ መሬት፤ በጎጃም መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። እኔን ሲያገኙኝ ሰላምታ አልነፈጉኝም። «አካም ጅርታ» ይሉኛል፣ መልሴን ሳይሰሙ ያልፋሉ።

ጋሮማ ግን ደስ አለው። ጋሮማ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። ከሚስቱ ከዱርሲቱ ጋር ከቤቴ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ዱርሲቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። መሬቱ ይከፈልና የአባቴን ድርሻ ልያዝ ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

«ኡርጂ ሳታውቅ ትልቅ ሥራ ሠራችልን» አለኝ። «ድንበር ነው በይ፣ እማዬ። ይለካና ያርፋል።»

«አጎትህስ?»

«አጎቴ መቶ ዓመት ሊያርስ ነው? ከተማው እኮ በር ላይ ደርሷል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ከሚለካብን ዛሬ እኛው ብንለካው አይሻልም?»

ልጄ ስስታም አይደለም። ክፍሏ ታፈሳለች። ዱርሲቱ በዝናብ ቀን ፍራሹን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትጎትት አያለሁ። የሚለው ሁሉ ውሸት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ኡርጂ ደግሞ ይህን ሰምታ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ድንበር ካላችሁት የኔ አይደለም» አለች። «እዚህ ተቀምጬም ላየው አልችልም፤ እሄዳለሁ።» ያን ቀን ልብሷን አጥባ ገና ሳይደርቅ አጣጠፈችው። እርጥብ ልብስ የሚያጣጥፍ ሰው ሐሳቡ መንገድ ላይ ነው። ሌሊቱን ሁሉ የበሩን ድምፅ ሳዳምጥ አደርኩ።

በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እሄድ ነበር። ሳሊሃ የምትባል የባለሱቅ ልጅ ታስተምረናለች። ቃላቱን አጠጋግቼ ስጽፍ አየችና «እትዬ ያለምወርቅ፣ ምነው አፈኗቸው? መሐላቸው ባዶ ቦታ ይተዉ እንጂ» አለችኝ።

«ወረቀቱ እንዳይባክን ብዬ ነው።»

«ባዶው ከሌለ እኮ አይነበብም።»

ይህንን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ በሣሩ በኩል አለፍኩ። ኡርጂ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እኔም ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ምን ልበል?» አልኳት።

«ምንም አትበዪ።»

«ምን ላስብ?»

«ምንም።»

«እናት ነኝ እኮ፤ ምንም ማሰብ አልችልም።»

ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ድንጋዩ ከአናቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ጠቆረ፤ ሥሩ ግን ለብዙ ጊዜ ደረቅ ነበር። ነጠላዬን ተከናንቤ እርጥበቱ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ሲያልቅ ስለ ማንም ሳልፈራ እንደተቀመጥኩ ታወቀኝ። እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ኦቦ ኦዳ ቤት ሄጄ እንዲያስታርቁን ለመንኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ነገሳ መጡ። እኔና ልጆቼም መጣን።

ኦቦ ኦዳ መጀመሪያ ድንጋዩን ዞሩት። ከዚያ በሌላው በኩል ዞሩት።

«ፊቱ የት ነው?» አሏት ኡርጂን።

«ፊት የለውም፣ አባ። ጀርባም የለውም።»

«እስከ ዛሬ ፊቱን ያጣሁት የደላላን ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆኑ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጋሮማም ሳይወድ ፈገግ አለ። ኦቦ ነገሳ አልሳቁም።

«ሊቤን በእጄ ቀብሬዋለሁ» አሉ። «ስናርስም ስናጭድም ይህ የኔ፣ ያ የእናንተ ተባብለን አናውቅም። ድንጋይ ማቆም ከፈለጉ ቢነግሩኝ ጉድጓዱን አብሬ እቆፍር ነበር። ከኋላዬ ግን...» አልጨረሱትም።

«አጎቴ» አለች ኡርጂ። «ድንበር ወዲያና ወዲህ አለው። ይህን ዞረው ይዩት፤ በየትኛው ወገን እንደቆሙ አይነግርዎትም። እንዲህ እስኪሆን ነው ስለፋ የከረምኩት። ሳልነግርዎት መትከሌ ግን ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ኦቦ ነገሳ አዩዋት።

ጋሮማ ተነሣ። «እኅቴ ስለ ጥበቧ ታውቃለች። ስለ መሬት ከሆነ ግን የቆመ ድንጋይ በአገራችን ደንብ ድንበር ነው። አንቱም ያውቁታል፣ ኦቦ ኦዳ።»

«አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ኦዳ። ከሽማግሌዎቹ ጋር በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይነቀል ብንል ድንበር ነበር ማለታችን ነው፤ ያልነበረ ድንበር አይነቀልም። ዝም ብለን ብንተወው ደግሞ ክረምቱ ሳያልፍ ድንበር ይሆናል። እና ያለምወርቅ፣ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ተናገሪ። ድንበር ነው ካልሽ ነገ ገመድ ይዘን መጥተን እንለካለን። አይደለም ካልሽ ሣር ይዘሽ ማዪ። መሐላው ግን ልጆችሽንም ያስራል፤ በዚህ መስመር መሬት መቁረስ የለም።»

ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነቀሉና ዘረጉልኝ።

ጋሮማ አጠገቤ መጣ። «እማዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅ ሊወለድልኝ ነው።»

ኡርጂ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ባዶውን መሬት ታያለች።

ሁለቱንም እኔ ነኝ የወለድኳቸው። የጋሮማ ችግር እውነት ነው፣ የኡርጂም ሥራ እውነት ነው። የተጠየቅሁት ግን ስለ ድንጋዩ ነው፤ ልጄ ስታቆመው መሬት ለመክፈል አላሰበችም። በፈጣሪ ፊት ሌላ ምን ልናገር?

«ጋሮማ» አልኩት፣ «ድርሻህን ከፈለግህ በራስህ አፍ አጎትህን ጠይቅ። በድንጋዩ አፍ አትጠይቅ።»

«በአፌ ብጠይቅ ትሰጡኛላችሁ?»

ኦቦ ነገሳ አንገታቸውን ደፉ።

ሣሩን ተቀበልኩ። «ይህ ድንጋይ ድንበር አይደለም» አልኩ። «እኔም ልጆቼም በዚህ መስመር መሬት አንቆርስም። ብዋሽ እንደዚህ ሣር ልድረቅ።» ሽማግሌዎቹ መረቁ። ኦቦ ነገሳ ተነሥተው ኡርጂን በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ያዟትና ግንባሯን ሳሙ። ወደ ጋሮማም ሄዱ። ጋሮማ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አስፋልቱ እየሄደ ነበር።

ሰኞ ኦቦ ነገሳ በሬዎቻቸውን ይዘው መጡ። የእኛን ወገን ሲያርሱ ሣሩ ዳር ሲደርሱ ቀስ ብለው ይመልሱ ነበር። አንድ ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ድንጋዩን ሲያዩት አየሁ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ።

በዚያው ሳምንት ጋሮማ ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቆመ። ፍራሹንና የዱርሲቱን ሳጥን ጣሪያው ላይ አሰረ። ኡርጂ ገመዱን በሌላው በኩል ልትይዝለት ስትል «ተይው፣ ይበቃል» አላት። ዱርሲቱ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከልክዬ አቀፍኳት፤ ሆዷ በሆዴ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

«የት ነው?» አልኩት።

«ቡራዩ። ቤት ተከራይቻለሁ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«አልተቀየምኩም» አለ። «እውነቱን ነው የተናገርሽው። ግን በእውነትሽ ውስጥ ለኔ ቦታ የለም፣ እማዬ።»

መስከረም ላይ ልጅ ተወለደች፤ ሄጄ አራስ ጠየቅሁ። ጋሮማ ሻይ ቀዳልኝ፣ ሚኒባስ ተራ ድረስ ሸኘኝ፣ «በሰላም ግቢ» አለኝ። ወደ ሱሉልታ ተመልሶ አልመጣም። ኡርጂ ከኔ ጋር ናት፤ አሁን ከወንዝ ሁለተኛ ድንጋይ እየፈለገች ነው፣ የምታቆምበትን ቦታ ግን አስቀድማ ከአጎቷ ጋር ሄዳ ታያለች። ማታ ማታ ገበታ ስንቀርብ ሁለት ነን። ጋሮማና ዱርሲቱ ሄዱ፤ ኡርጂ ቀረች።