የኢንገር አባት ሽጉጥ

ሽፈራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስዊድን ውስጥ፣ ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር ያለውን ቤቱን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት፣ ኢንገር፣ አንድ ቀን መጥተው ከምድር ቤቱ ዕቃ ማከማቻ ሣጥን እንዲያወጣላቸው ለመኑት።

ሣጥኑ ውስጥ በዘይት በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ ነበር፤ እጀታው ያጋደለ፣ አፈሙዙ ቀጭን፣ የጦርነቱ ዘመን የጀርመን ሉገር። ጥይት የለውም። ሽፈራው ብረቱ ሲቀዘቅዘው አባቱ ትዝ አሉት። እሳቸውም ጀርመን ሠራሽ ማውዘር ጠመንጃ ከአያቱ ወርሰው ነበር። በደርግ ጊዜ አስረክቡ ሲባል ጣሪያ ውስጥ ደበቁት፤ ተገኘባቸው፤ ከቤት እንደተወሰዱ ቀሩ። ይህን ለማንም በስዊድንኛ ተናግሮ አያውቅም።

ኢንገር ሽጉጡን እያዩ ነገሩት፤ አባታቸው የጀርመን ወታደር ነበሩ። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከኖርዌይ ድንበር ተሻግረው ስዊድን ገቡና ዴንማርካዊ ነኝ እያሉ ኖሩ። ልጃቸውንም ለሰው እንዳትናገር አስማሏት።

በዚያ ሰሞን ፖሊስ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ለሚያስረክብ ሰው ምሕረት ሰጥቶ ነበር። ሽፈራው አብሬዎት ልሂድ አላቸው። ኢንገር በማግስቱ ጥሩ ካፖርታቸውን ለብሰው ወረዱ። ለፖሊሶቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አሉት።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ወጣት ፖሊስ ጨርቁን ፈታ፣ ሽጉጡን መረመረና ወደ ጎን አኖረው። ኢንገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአባቴ ነው። አባቴ...»

«መናገር አያስፈልግዎትም» አላቸው በትሕትና። «ማንንም አንጠይቅም። ብረቱ ይቀልጣል።»

ኢንገር ጨርቁን ከጠረጴዛው አንስተው አጠፉት። ከኋላቸው ሌላ ሰው ተራ ይጠብቅ ስለነበር ሽፈራው ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አባትዎ ማን ይባሉ ነበር?» አላቸው።

«ሃይንሪሽ» አሉ። «ስሙን ሰው ፊት ጠርቼው አላውቅም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሽፈራው የራሱን አባት ነገር ሊያነሳ አስቦ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቶ ተወው።

ሲመሽ ሜርስታ ከተማ ላለችው ልጁ ለማርያማዊት ደወለ። አያትሽ ማውዘር ነበራቸው፣ ታውቂያለሽ? ብሎ ጀመረ። እሷ በስዊድንኛ፣ አባዬ ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ እደውልልሃለሁ አለችው።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አላት።

ስልኩን አስቀምጦ መብራቱን ሳያበራ ተቀመጠ። ከላይ ኢንገር ከክፍል ክፍል ሲመላለሱ ይሰማዋል። ቆም ይላሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ።