የአዳዳ ተስፋነሽ ግራ ዓይን

አርሲ ውስጥ ሰውን «ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆ በሽታውን አውቃለሁ የሚል ካለ፣ እሱ አገሩን ገና አላወቀም። እጁን ወፍጮ የበላው ሰው እንኳ በፎጣ ጠቅልሎ መጥቶ መጀመሪያ የሚመልሰው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። የእጁ ነገር የሚነሳው ከብቱም፣ ዝናቡም፣ የገብሱ ዋጋም ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ነው። ጴንጤ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሕመምን ቀድሞ መናገር እምነት የጎደለው ያስመስላልና። ኤቢሳ ይህን አያውቅም አይባልም። አሰላ ተወልዶ፣ አሰላ አድጎ፣ እዚያው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው። የተማረ ሰው ግን አንዳንዴ የሚያውቀውን ነገር ከጃንጥላው ጋር በር ላይ ትቶ ወደ ቢሮው ይገባል።

ኤቢሳ የጀመረው ጥናት የዓይን ግፊት የሚባለውን በሽታ ኮምፒውተር ከፎቶ ላይ እንዲለይ ማስተማር ነበር። በስልክ ካሜራ ላይ ትንሽ ሌንስ ይገጠምና በብሌን በኩል የዓይን ጀርባ ይነሳል። ኮምፒውተሩ የታመመውንም የጤነኛውንም እያየ ልዩነቱን ይማራል። የታመሙትን ፎቶዎች አንድ የዓይን ክሊኒክ ሰጠው። ጤነኛ ሰው ግን ዓይን ክሊኒክ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ስለዚህ ኤቢሳ ጤነኞቹን ከገዛ ቸርቹ ሰበሰበ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ የመዘምራኑን ክፍል መጋረጃ ጋርዶ ምእመኑን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። «ዓይንዎን ያምዎታል?» ይላል። «ኧረ ጌታ ይመስገን» ይሉታል። ኤቢሳም «ጤነኛ» ብሎ ይመዘግባል። ደንቡ እያንዳንዱን ፎቶ ሐኪም ይይልህ ይላል፤ ግን ሐኪሙ ሥራ በዛበት፣ የጥናቱ ጽሑፍ የሚገባበት ቀንም ደረሰ፣ «ጌታ ይመስገን» የሐኪም ቃል ሆኖ አለፈ።

ኮምፒውተሩ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ኤቢሳ «ጤነኛ» ይለዋል፣ ኮምፒውተሩ «ታማሚ» ይላል። እንደገና ቢያስተምረውም ያው «ታማሚ» ነው። የማን ዓይን እንደሆነ ሲያይ ኤቢሳ ሳቀ። የአዳዳ ተስፋነሽ ግራ ዓይን ነበር። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኚህ አዳዳ ግን ለኤቢሳ እናትም አባትም ነበሩ። በአስተማሪ ደመወዛቸው አሳድገውታል፣ አስተምረውታል። ጡረታ ከወጡም ወዲህ ቸርች ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት፣ ክር በመርፌ ለማስገባትም ሰፈሩ የሚጠራው እሳቸውን ነው። «የሳቸው ዓይን ከታመመማ የኔ ጠፍቷል» አለና ፎቶውን ከጥናቱ አወጣው። ውጤቱ ከፍ አለ፣ ጽሑፉም ተቀባይነት አገኘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ኤቢሳ ግን የጣለውን ገና አላየም።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ አዳዳ ጠየቁት።

«ያ መሣሪያህ የኔን ዓይን ምን አለ?»

«ጤነኛ ነዎት፣ አዳዳ» አለ፣ አፉን በድንች ሞልቶ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኮምፒውተር ይዋሻል እንዴ?»

በሚቀጥለው እሁድ አዳዳ ለምስክርነት ተነሱ። ማይኩን ያዙና እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገሩትን ተናገሩ። ግራ ዓይናቸው ከዳር ከዳሩ እየጨለመ ነበር፤ በር ሲገቡ ትከሻቸው መቃኑን ይመታል፤ ለብቻቸው ጾመው ጸልየዋል። «ከዚያ የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር አየኝ» አሉ። «ምንም የለብዎትም አለኝ። ጌታ ፈውሶኛል።» ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ተነሳ። ኤቢሳም አብሮ ተነሳ። ኮምፒውተሩ ትክክል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እያየው ኤቢሳ «አሜን» አለ፤ ያውም ጮክ ብሎ።

የዓይን ግፊት የወሰደውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማትረፍ ይቻላል። ኤቢሳ ይህን ከማንም አልሰማውም፤ የራሱ ጽሑፍ መግቢያ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ስለዚህ ዝም ባለ ቁጥር ከአዳዳ ዓይን ምን እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። ሊነግራቸው ይነሳል። ከዚያ ናይሮቢ ሄዶ ሊያቀርበው የተዘጋጀው ጽሑፍ ትዝ ይለዋል። ከዚያ የጉባኤው ጭብጨባ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ የአዳዳ ደስታ፤ ይህኛውን ሰበብ ይወደው ነበር፣ ደግ ሰው የሚያስመስለው እሱ ነውና። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ኤቢሳ ብቅል ፋብሪካ ባለበት ከተማ ቢኖርም ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሆዱ እንዳባው ክረምቱ አለፈ።

መንገድ ሲሄዱ በግራቸው በኩል መራመድ ጀመረ። ሳህን ሲያቀብላቸው ወደ ቀኛቸው ያዞረዋል። በር ላይ ቀድሞ ገብቶ መዝጊያውን ይይዝላቸዋል። ላየው ሰው ፍቅር ይመስላል፤ አዳዳም «ምን ዓይነት ልጅ ነው የሰጠኝ» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ኤቢሳ ይህን ይሰማል። ያፍራል፣ ራሱን ይጠላል፣ ግን አይናገርም።

ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ አዳዳ ብቻቸውን ወጡ። ከግራ በኩል የመጣ የፈረስ ጋሪ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ክንዳቸው ተላጠ እንጂ አጥንታቸው አልተነካም። ኤቢሳ ተደውሎለት ሲደርስ ባለጋሪው ቱሳ የፈረሱን ልጓም ይዞ እየማለ ነበር።

«በአላህ፣ ጮኼባቸዋለሁ። እያዩኝ እኮ ነው የገቡት።»

«ልጁን ተዉት» አሉ አዳዳ ለተሰበሰበው ሰው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላይ ገብቼ ነው።»

ኤቢሳ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። ቤት ወስዶ ቁስላቸውን በለብ ያለ ውኃ እያጠበ ነገራቸው።

«አዳዳ፣ ኮምፒውተሩ ያኔ ታመዋል ብሎ ነበር።»

ክንዳቸውን አልነጠቁትም። «አንተ ግን ጤነኛ ነዎት አልከኝ።»

«የተሳሳተ መስሎኝ ነው።»

«እሺ። ከመሰከርኩ በኋላስ?»

ኤቢሳ ፎጣውን ጨምቆ እንደገና ክንዳቸው ላይ አደረገው። አዳዳ አልጮሁም፣ አላለቀሱም፤ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። በመጨረሻ «ነገ ክሊኒክ ውሰደኝ» ብቻ አሉ።

ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይን መርምራ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «ግራው ሄዷል» አለች። «ቀኙን በጠብታ እንይዘዋለን፤ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ምነው እስካሁን ቆዩ?»

ኤቢሳ አፉን ሲከፍት አዳዳ ቀደሙት። «ደህና የሆንኩ መስሎኝ» አሉ።

በባጃጅ ሲመለሱ፣ ቤት ሊደርሱ ሲሉ አዳዳ «እሁድ ወደ መድረክ ትመራኛለህ» አሉ። «የመሰከርኩትን ማቅናት አለብኝ።» ኤቢሳ እሺ አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለ ሳምንቱን ራሱን ሲያዘጋጅ ከረመ። ስሙ ሲጠራ አንገቱን ይደፋል፣ ሰው ይጠቋቆምበታል፣ ከዚያ ግን ይቀለዋል። ኋላ ኋላ እንዲያውም ቀኑ ናፈቀው።

እሁድ ክንዳቸውን ይዞ መድረኩ ላይ አወጣቸውና አጠገባቸው ቆመ። አዳዳ ማይኩን ተቀበሉ።

«ባለፈው ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬ ነበር» አሉ። «አልተፈወስኩም። ግራ ዓይኔ አያይም። ልጁ የነገረኝን በደንብ ሳልሰማ፣ በራሴ ችኮላ የተናገርኩት ነው። ጌታም እናንተም ይቅር በሉኝ። ዓይኑን የሚያመው ሰው ካለ ይጸልይ፣ ሐኪም ዘንድም ይሂድ።»

ኤቢሳ ዞር ብሎ አያቸው። ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ነበር። ማይኩ ከእጁ ሩቅ አልነበረም፤ ልናገር ቢል የሚከለክለው ሰው የለም። እጁን አልዘረጋም። መጋቢው መጥቶ ማይኩን ወሰደና «እማማን ደግፎ ያመጣውን ወንድማችንን ጌታ ይባርከው» አለ፤ ጉባኤው በሙሉ «አሜን» አለ።

ሲወጡ በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት ቆመው ሲጠብቁ አገኟቸው። ሸዋዬ ይባላሉ፣ የአዳዳ የጸሎት ጓደኛ ናቸው፤ ከአዝመራ በፊት ሁሩታ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ገና መመለሳቸው ነው። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዳስሳሉ።

«ተስፋነሽ፣ እንኳን ነገርሽን» አሉ። «እኔም የዓይን ግፊት አለብሽ ተብዬ ጠብታ ተሰጥቶኝ ነበር። አንቺ ስትመሰክሪ፣ እሷ በጸሎት ከዳነች እኔ ምን ቤት ነኝና መድኃኒት አንጠባጥባለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ አዳዳ፤ ድምፃቸው ወረደ።

«ከዚያች እሁድ ጀምሮ። አሁንማ ብርሃንና ጨለማ ነው የምለየው።» ሸዋዬ ፈገግ አሉ። «ያንቺስ ቀኙ ተርፏል፣ ጌታ ይመስገን።»

አዳዳ የኤቢሳን ክንድ ጠበቅ አድርገው ያዙ። የራሳቸውን ዓይን ይቅር ሊሉት ይችላሉ፤ ብለውታልም። የሸዋዬን ዓይን ግን እሳቸው ይቅር ማለት አይችሉም፣ መሸፈንም አይችሉም። ይህ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። አዳዳ በሚያየው ዓይናቸው ቀና ብለው አዩትና ጠበቁት።

ሸዋዬ ባዶ እጃቸውን ወደ ኤቢሳ ዘረጉ። «ልጄ፣ እኔንም ይዘህ አውርደኝ። አንተ ባትኖር ማን ይመራን ነበር?»

ኤቢሳ እጃቸውን ያዘ። ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ደረጃ አለ» አለ፤ «ቀስ ይበሉ።»