ፍሬን የያዘው ጎብኚ

የአውቶብስ ሹፌሩ ሙዚየም የገባው ወዶ ሳይሆን የሚስቱ ንዝንዝ ስላሰለቸው ነው። አስጎብኚዋ ደግሞ ይባስ ብላ፣ «ሥዕሉን በዓይናችሁ ብቻ አትዩት፤ ሰውነታችሁ ምን እንደሚላችሁ አዳምጡ» አለች። አንዷ ደረቷን ቀለል አላት፤ ሌላው መዳፉን ሞቀው። ሹፌሩ ጆሮውን አቁሞ ቢያዳምጥ ከሆዱ ጩኸት በቀር የሰማው ነገር የለም።

አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ሲደርሱ ግን ነገር ተለወጠ። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ከታች ሕፃናት ይጫወታሉ። የሹፌሩ ቀኝ እግር ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ረገጠ፤ ጭኑ ተወጠረ፤ ጀርባውን ላብ አጠመቀው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ሚስቱ።

«ፍሬን ይዣለሁ።»

አስጎብኚዋ አጨበጨበች። «ይኸውላችሁ! ማዳመጥ ማለት እንደ አባባ ነው!» ብላ ሰዉን ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛ ሄደች። ሹፌሩ ንቅንቅ አላለም።

«ና እንጂ፣ ጥለውን ሄዱ እኮ!»

«አብደሻል? እግሬን ባነሳ እነዚህን ልጆች ምን ይውጣቸዋል?»

ከሹፌር ጋር ያረጀች ሴት ናትና አልተከራከረችውም። ረዳት ከመኪና ጎማ ሥር ድንጋይ እንደሚወሽቀው፣ የእጅ ቦርሳዋን በጋሪው ጎማ ትይዩ ግድግዳው ሥር ወሸቀችው።

«በል አሁን አንሳ» አለችው፤ «ታኮ አድርጌለታለሁ።»