በመድኃኒት ቤቱ በኩል

ቤታችን ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ፤ ሙሉውን ፕላስተር ነው። የቁስል ፕላስተር፦ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ክብ፣ ውሃ የማያስገባ። አንድ ሻለቃ ጦር ቆስሎ ቢመጣ እኛ ቤት ታሽጎ ይሸኛል። ገዢው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለምን እንደሚገዛ ሲጠየቅ "ድንገት ከወደቀች ብዬ ነዋ" ይላል። የምትወድቀዋ እኔ መሆኔ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ እንጂ ሰካራም አይደለሁም። ለመጨረሻ ጊዜ የወደቅኩትም ያለፈው ክረምት ነው፣ ያውም እሱ ክንዴን ይዞኝ።

ሥራዬ ብሬል ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚነት ነው። ጣቴን በነጠብጣቡ ላይ እያስኬድኩ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ። አመል ሆኖብኝ ሰው ሲያወራም አርማለሁ። እንዲህ ሆኜ ታዲያ አንዱን ትልቅ ስህተት ሦስት ዓመት ሙሉ በእግሬ ስመላለስበት አላገኘሁትም።

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜን የምጠራው እንዲህ ነው፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ጠጋኝ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔን ማተሚያ ቤት ያደርስና በአውቶቡስ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ የጥገና ክፍል ኃላፊ ሁን ተብሎ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል። እናታችን ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ለእህቱ ብሎ ነው፤ ትዳር ያልያዘውም ለእሷ ብሎ ነው" ትላለች። እንግዳው ከንፈሩን ይመጥጣል። ጋሼ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ሰሃን አጥባለሁ። የሰው ዕድሜ እየበላሁ የምኖር እየመሰለኝ በጣም ከብዶኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም።

ሦስተኛው የሹመት ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መልስህን አሳውቅ ይላል። በዚያው ሳምንት ከዓይነ ስውራን ማኅበራችን አንድ መሣሪያ ተዋስኩ። ሳሙና ያህላል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ የት እንዳለሁ ከሳተላይት እየጠየቀ በአንድ ጆሮዬ ይነግረኛል። ድምፁ የሴት ነው። ማዘዝ ስለምትወድ "እትዬ ሰማይ" አልኳት።

ጋሼ ሳቀ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ይቺ ናት የምታደርስሽ?"

"አዎ፣ ይቺ ናት። ዓርብ ብቻዬን ከደረስኩ ሹመቱን ተቀብለህ ትፈርማለህ። አትከተለኝም ደግሞ።"

"ገደል ብትከትሽስ?"

"እዚህ ሰፈር ገደል የት አለ? ይልቅ አንተ መንገዱን ሂድና ቅዳልኝ።"

መሣሪያው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ይዞት ከሄደ የሄደበትን መንገድ ይይዛል፤ በፈለገው ቦታ ላይም ድምፁን መቅዳት ይችላል። ጋሼ ሐሙስ ማለዳ ይዞት ወጣ፣ ቀድቶ መለሰልኝ።

ዓርብ ጠዋት በትሬን ይዤ ተነሳሁ። እናቴ በር ድረስ ሸኘችኝና "ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ" አለችኝ። ስትደነግጥ የምትለውን አታውቅም።

"ሃምሳ ሜትር ቀጥ ብለው ይሂዱ" አለች እትዬ ሰማይ። ጎማ ጠጋኙ ጋ ስደርስ የጋሼ ድምፅ ብቅ አለ፦ "ጎማ ይደረድራል፤ ወደ ግራ ያዝ አድርጊ።" ጎማውን በበትሬ ነካ አድርጌ አለፍኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ደግሞ "ደረጃ አለ፣ አንድ ብቻ" አለ። ደረጃው ሁለት ነው፤ በልቤ አረምኩት።

ሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆምኩ። እዚህ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የምንታጠፈው። ቀጥታው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሯል ብሎ ጋሼ ነግሮኛል። ሦስት ዓመት የማያልቅ ቁፋሮ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ግን ቁፋሮ መቼ አልቆ ያውቃል? የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ስለ ቧንቧ ሲናገርስ ማን ይከራከራል?

"ወደ ቀኝ ይታጠፉ። ስድስት መቶ አርባ ሜትር ይቀራል።"

እንዲያው ለጨዋታ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩና የጋሼን መንገድ ትታ ራሷ አጭሩን እንድትፈልግልኝ ጠየቅኳት።

"ቀጥ ብለው ይሂዱ። አንድ መቶ ሰማንያ ሜትር ይቀራል።"

አራሚ እንዲህ ያለ ልዩነት አያልፍም። አጠገቤ የሚያልፍ ሰው አስቆምኩ። "ወንድሜ፣ የዚህ መንገድ ቁፋሮ አላለቀም?"

"የምን ቁፋሮ? እዚህ ሰፈር ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ዶማ ነክቶት አያውቅም።"

በቀጥታው መሄድ እችል ነበር። ነገሩ ግን አላስችል አለኝ። ወደ ቀኝ ታጠፍኩና የጋሼን መንገድ ተከተልኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ድምፁ መጣ፤ ለስለስ ብሎ፣ ቤት ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ቅላጼ፦ "እዚህ ጋ ትንሽ እረፊ።"

አልኮልና ሳሙና ሸተተኝ። በየጠዋቱ "አንዴ ቁሚ፣ ፕላስተር ልግዛ" ብሎ እኔን ከብረት አጥሩ ጋ አቁሞ የሚገባበት መድኃኒት ቤት ነው። እግሩ ከመልመዱ የተነሳ ለእኔ ሲቀዳ እንኳ ዝንፍ አላለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የጋሼን ያወጣው ሳተላይት ነው።

ገባሁ።

"ውይ፣ ብቻሽን ነሽ?" አለች መድኃኒት ሻጯ ከባንኮኒው ኋላ። "ወንድምሽን አመመው እንዴ?"

"ደህና ነው።"

"ተመስገን። አንቺስ፣ ዛሬ ምንሽን ተጎዳሽ?"

"ምን ሆኜ?"

"ወድቀሽ ነዋ። በየቀኑ ትወድቂ የለ? ሐኪም ይያት እያልኩት እኮ ነው።"

"እህቴ፣" አልኳት፣ "በሦስት ዓመት ውስጥ የወደቅኩት አንድ ጊዜ ነው።"

ከእጇ የሆነ ብልቃጥ አመለጠና ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። ከዚያ እያፈነች መሳቅ ጀመረች።

"ልቤ ጠርጥሮ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ዛሬስ ሌላ ነገር ይናገራል እያልኩ እጠብቃለሁ። እሱ ግን 'ፕላስተር' ይላል። መጠርጠሬም ያሳፍረኛል፤ በቆሰለች ልጅ ላይ ምን እያሰብኩ ነው እላለሁ።"

"እስከ እኩለ ቀን ካልተናገረ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው።"

ሳቋ ቆመ። ወንበር አቀበለችኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ተናድጄም ነው፣ ቀልሎኝም ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሸክም ነኝ ብዬ ሰሃን ሳጥብ፣ ለካ ሰውየውን ያሰረው የገዛ አፉ ነው። እኔ ሰበብ ብቻ ነበርኩ።

ደወልኩለት። "ጋሼ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነኝ።"

"መጣሁ!" አለ፤ ስልኩ ሳይዘጋ በሩ ተከፈተ። ከመሥሪያ ቤቱ እዚህ ድረስ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። አትከተለኝ የተባለው ሰው ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ኖሯል።

"ወደቅሽ?"

"አልወደቅኩም። ቧንቧው ግን ተጠግኖ አልቋል፤ ቀጥታው መንገድ ተከፍቷል።"

ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ኮቴው ተሰማኝ።

"ስማኝ ጋሼ። ከፈለግክ ሂድ፣ ከፈለግክ ቅር። በእኔ ግን አታሳብብ። እኔ ወደ ሥራዬ ልሂድ፤ አንተ እዚህ ጋ ትንሽ እረፍ።"

መድኃኒት ሻጯ "ሰፊውን ነው ጠባቡን?" ስትለው ሰምቼ ወጣሁ። መልሱን ለመስማት በሩ ላይ ዘግየት ብዬ ነበር፤ እትዬ ሰማይ "ወደ ግራ ይታጠፉ!" ብላ አባረረችኝ።

በቀረው መንገድ ከኋላዬ የጫማ ኮቴ እያዳመጥኩ ሄድኩ። የማውቀው ኮቴ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ክንዴንም የሚይዘው አጥቶ በረደው። ቢሆንም አልቆምኩም። "ደርሰዋል" ስትለኝ ለበሩ ገና ስድስት እርምጃ ይቀረኝ ነበር። እሷም ትሳሳታለች። በሩን በበትሬ ፈልጌ አገኘሁት።

አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን መጣች። እናቴ ገና ወንበር ሳትሰጣት ጀመረች። "ሦስተኛውንም ሹመት ዛሬ እምቢ አለ። ለእህቱ ብሎ እኮ ነው።"

ጎረቤታችን ከንፈሯን መጠጠች። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለእሷ ብዬ አይደለም እማዬ። ለራሴ ብዬ ነው። እሷ ከሰኞ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትሄደው።"

እኔም ሰሃን ለማጠብ አልተነሳሁም።