አብያታ ላይ የተከፈተው ስብሰባ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የአብያታ ሐይቅ ጠባዩ ይለወጣል። ጎህ ሲቀድ ውሃው ዝም ብሎ ይተኛል፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ረፋድ ላይ ነፋሱ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ መረብ ላንሳ ያለ ሰው የሚያወጣው ጭቃ ብቻ ነው። ማታ የተጣለ መረብ በማለዳ ካልተነሳ ነፋሱ ይተበትበዋል፣ የተያዘውን ዓሣ ደግሞ እነዚያ ባለ ከረጢት መንጋጋ ወፎች ይለቅሙታል። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አበዛሽ አንድም ፊደል ሳትቆጥር ሐይቁ ዳር ዓሣ መጥበስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ታውቀዋለች።

ጓድ ሐዲስ ግን አያውቅም። በጥቅምት ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፣ ቦርሳው በወረቀት ተወጥሯል። እንደመጣ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር በየማለዳው ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት እንዲወያይ አዘዘ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ይደረደራሉ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲነገራቸው ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነው፤ የእነሱን ዓሣ የሚበላው ኢምፔሪያሊዝም ክንፍ ነበረው።

የገና ጾም ነው፤ የናዝሬት ሰው ዓሣ ይፈልጋል። ጭነት ለመውሰድ የሚመጣው መኪና ግን ሁለት ሳምንት በተከታታይ ባዶ ሣጥኑን አንቀጫቅጮ ተመለሰ።

«አሻጥር አለ» አለ ጓድ ሐዲስ ረቡዕ ማለዳ።

ጃራ እጁን አወጣ። ጃራ የአበዛሽ ልጅ የጽጌ ባል ነው፤ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ግን ጊዜ የማይመርጥ። «ጓድ፣ ነፋሱ ነው። መረቡን በጊዜ ብናነሳ…»

«ነፋስ መደብ የለውም፤ ምክንያት አትፍጠር። ነገ መኪናው ባዶውን ከተመለሰ ታንኳህ ለሌላ ይሰጣል። አንተም አርሲ ነገሌ ሄደህ ለሚጠይቁህ ትመልሳለህ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በዚያ ዘመን ለጥያቄ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ጽጌ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አበዛሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች።

«ጓድ፣ ሐሳብ አለኝ።»

«ይናገሩ፣ እማማ።»

«ካድሬ ከሰፊው ሕዝብ ተለይቶ አይቀመጥም ብለኸን ነበር። ሰፊው ሕዝብ በማለዳ ቦታው ውሃው ላይ ነው። አንተ ዳር ላይ ምን ትሠራለህ? ስብሰባውን ታንኳ ላይ አድርገው፤ ሥራውም አይቆም፣ ትምህርቱም አይቀር።»

ሆራ የሚባለው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሳል ያዘው። ሳሉ ሳል አልነበረም። ጓድ ሐዲስ ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ፤ ለሪፖርት ደስ የሚል ነገር አግኝቷል።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አምስት የፊላ ታንኳዎች ወጡ። ካድሬው ከጃራ ጋር ተሳፈረ። አበዛሽም «እኔስ ሰፊው ሕዝብ አይደለሁም?» ብላ ከኋላ ተጎለተች። የፊላ ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ አይደለም፤ ሣር ታስሮ የተሠራ ነውና ውሃ ከሥሩ ይገባል። የሚያውቅ ሰው ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ጓድ ሐዲስ ቦርሳውን አቅፎ መሐል ላይ ዘፍ አለ።

«ሱሪዬ ረጠበ።»

«ታንኳዋ ትተነፍሳለች» አለ ጃራ።

መረቡ ጋ ደረሱ። ጃራ ጫፉን ሳብ ሲያደርግ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እየተንፈራገጠ ብቅ ብቅ አለ። ካድሬው እጁን አነሳ።

«ቆይ። መጀመሪያ ስብሰባው ይከፈት። አጀንዳው ሦስት ገጽ ነው።»

አበዛሽ ወደ ምሥራቅ አየች፤ ሰማዩ ቀልቷል። ሦስት ገጽ ተነብቦ ውይይቱ እስኪያልቅ ነፋሱ ይደርሳል፣ ነፋሱ ከደረሰ ጃራ ሄደ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ያለ መፈክር ስብሰባ ይከፈታል እንዴ?»

«አይከፈትም።»

«መፈክርስ ተቀምጦ ነው?»

«አዴ» አለ ጃራ ቀስ ብሎ። በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው፤ ተይ ማለቱም ነበር። እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ጓድ ሐዲስ ተነሳ። በፊላ ታንኳ ላይ ማንም አይቆምም፤ ዳዴ የሚል ሕፃን ያውቀዋል። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ ሰቀለና «ኢትዮ…» አለ። የቀረውን የሰማው ሐይቁ ነው።

ጃራና ከአጠገባቸው ታንኳ ላይ የነበረው ሆራ በመረቡ ጎትተው አወጡት። ከኮቱ ኪስ አንድ ቆሮሶ ዘለለ። ጨው ጨውና አመድ አመድ የሚለውን ውሃ ሲተፋ ቆየና ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ይሄ አሻጥር ነው» አለ።

ሁሉም ደነገጠ። አበዛሽ ጋቢዋን አውልቃ ከነራሱ ጠቀለለችው።

«አሻጥር ከሆነ ይጻፋ። ካድሬው መፈክር ሲያሰማ ውሃ ውስጥ ገባ ተብሎ ለአርሲ ነገሌ ይላክ፤ አምስት ታንኳ ሰው ይመሰክራል። እኔ ማንበብ አልችልም እንጂ ሲነበብ መስማት እወዳለሁ።»

ካድሬው ይበልጥ ተኮራመተ። ከጋቢው ውስጥ አፍንጫው ብቻ ይታያል።

«ወይም ደግሞ» አለች አበዛሽ።

«ወይም ምን?»

«ስብሰባው በሙሉ ድምፅ ወሰነ ይባላል። ብርዱ እስኪያልፍ ውይይቱ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ነፋሱ ከተነሳ ወዲያ። ያኔ ሥራ ስለሌለ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማሃል።»

«ጃራስ?»

«ጃራማ ከሞት ያወጣህ ጓድ ነው።»

«ውሃው እስከ ደረቴ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው እስከ ደረትህ ነው ያወጣህ። ጻፈው።»

ጓድ ሐዲስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የሚጽፍበት ወረቀት ግን ገና እየተንጠባጠበ ነበር። መረቡ ያለ አጀንዳ ተነሳ።

የናዝሬቱ መኪና ሣጥኑን ሞልቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ አቧራውን ሲያስነሳ፣ ጓድ ሐዲስ የሆራን ቡልኮ ለብሶ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «ጓድ ጃራ ባሳየው አብዮታዊ ቆራጥነት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ አበዛሽ ወደ አማቿ ዞር አለች። ከሌሊት ጀምሮ የደከመው ጃራ ድንጋይ ተደግፎ ያንኮራፋል። በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ንቃ እንጂ፤ ስምህ በደህና ሲነሳ እንኳ ስማ።»